ቾውን ከመስጠትህ በፊት፦ ሰርቨሩን ሳትጎዳ የፋይል ባለቤት መቀየር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን ዌብሳይት ከድሮ ሰርቨር ወደ አዲስ አዛወረ። ከፊሉን ፋይል ሩት (ሁሉን የሚችለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ሆኖ ስለገለበጠው የሩት ሆኖ ቀረ። የቀረው ደግሞ ባለቤቱ በስም ፈንታ 1003 የሚል ቁጥር ያሳያል። ሰዎች ፎቶ ሊጭኑ ሲሞክሩ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይመጣል። አንዱ ባልደረባው «ቾውን ከትልቁ አር ጋር ስጠው፣ በቃ» ይለዋል። ቾውን የፋይል ባለቤት የሚቀይር ኮማንድ ነው፣ ትልቁ አር ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲቀይር ያዘዋል። ሌላው ደግሞ በዚሁ ኮማንድ ሰርቨር ሲሞት አይቻለሁ ይለዋል። የቱን ልስማ ነው ነገሩ።

ሁለቱንም ስማ ወንድሜ። ኮማንዱ ትክክለኛው ነው፣ ሰርቨርም ይገድላል። ልዩነቱ ኢንተር ከመጫንህ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ምን እንደሠራህ ነው፤ ስለዚህ ከኮማንዱ ይልቅ ስለ እነዚያ ደቂቃዎች ነው ብዙ የምጽፍልህ። ኮማንዶቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ነው የምትተይባቸው።

መጀመሪያ ያቺን 1003 እናንሳ። ፋይል ባለቤቱን በስም አያውቅም። ዲስኩ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ የባለቤቱ፣ አንዱ የግሩፑ። «ኤልኤስ -ኤል» ስትል ስም የምታየው ኮማንዱ ቁጥሩን ከተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ስለሚተረጉምልህ ነው። ሩት 0 ነው። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የመጀመሪያው ተራ ተጠቃሚ 1000 ይሆናል። ድሮው ሰርቨር ላይ 1003 የሆነ ሰው ነበረ፣ አዲሱ ላይ የለም፣ ስለዚህ የሚተረጎም ስም ጠፋና ቁጥሩ ራቁቱን ወጣ። ይሄ ዝም ብሎ የመልክ ጉዳይ አይምሰልህ። ነገ ለአዲስ ሠራተኛ አካውንት ስትከፍት ቁጥሩ 1003 ላይ ቢያርፍ፣ እነዚያ ፋይሎች በሙሉ ያንኑ ደቂቃ የሱ ይሆናሉ። ማንም ምንም ሳይነካ። ኮንቴይነር (ፕሮግራም ለብቻው ተከልሎ የሚሠራበት) ላይም የሚያምታታው ይሄው ነው፤ ውጭ አንድ ስም የምታየው ፋይል ውስጥ ሌላ ስም ይዞ ይጠብቅሃል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ነገር፦ ቾውን የቀድሞውን ባለቤት የትም አይመዘግብም። መመለሻ የለውም። ሙከራ ብቻ አድርገህ አሳየኝ የምትልበት አማራጭም የለውም። ይዘቱ እንዳለ ነው፣ አንድ ፊደል አልጠፋም፣ የማን እንደነበረ ብቻ ጠፋ። አንድ ሺህ ፋይል የአንድ ሰው ከነበረ ችግር የለም፣ መልሰህ ለሱ ትሰጣለህ። የአምስት የተለያዩ ባለቤቶች ከነበረ ግን አንድ ጊዜ ካደባለቅከው ማን ይለየዋል?

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙዎች የሚተማመኑበት ጥበቃ እንዴት እንደማያድን በደንብ ያሳያል። ማታ ላይ አንድ ስክሪፕት ነው ያስኬድኩት። ውስጡ የፎልደሩን ስም የሚይዝ ተለዋዋጭ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ስላሽና ኮከብ። ተለዋዋጩን የሚሞላው መስመር ሌላ ፋይል ውስጥ ነበረና ያ ፋይል አልተነበበም። ስለዚህ ተለዋዋጩ ባዶ ሆነ፣ የቀረው «ስላሽ ኮከብ» ብቻ ነው። የጂኤንዩው ቾውን (ሊኑክስ ላይ በብዛት የምናገኘው) በቀጥታ ስላሽ ላይ በትልቁ አር አልሄድም የሚልበት «ፕሪዘርቭ-ሩት» የሚባል ጥበቃ አለው፤ ግን ሳትጠይቀው አይበራም፣ አማራጩን ራስህ መጨመር አለብህ። ብትጨምረውም ስላሽ ኮከብን ሼሉ (ኮማንድህን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ቀድሞ ይዘረዝረዋል። ለቾውን የደረሰው «ስላሽ» ሳይሆን ቢን፣ ቡት፣ ዴቭ፣ ኢቲሲ፣ ሆም... እያለ የሚቀጥል ዝርዝር ነው። ጥበቃው ቢበራም የሚጠብቀውን ስም አያይም፣ ያልፋል።

ኮማንዱን የሚያስቆመውን ኮንትሮል ሲ እስክጫን ጥቂት ሴኮንድ ነው የፈጀብኝ። ቀጥሎ «ሱዶ» (ኮማንድን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደውን) ስል የሱዶ ደንብ ፋይል ባለቤቱ 0 መሆን ሲገባው 1001 ሆኗል ብሎ እምቢ አለኝ። ልብ በል፣ የተበላሸውን የማስተካክልበት መሣሪያ ራሱ ነው የተዘጋው። ያተረፈኝ ሌላ መስኮት ላይ ቀድሞ ሩት ሆኖ የተከፈተ ሼል መኖሩ ነው። ከዚያ የሱዶውን ፋይል ለሩት መለስኩ፣ የይለፍ ቃሎቹ ሀሽ ያለበትን ሻዶው የሚባለውን ፋይል መለስኩ (ለእነዚያ ደቂቃዎች የዌብ ፕሮግራሙ ንብረት ሆኖ ነበር፣ ከሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው)፣ የቀረውን ከባክአፕ ጋር አንድ በአንድ እያስተያየሁ አነጋሁ። «ሁሉንም ሩት:ሩት አድርጌ ልገላገል» ብትል አይሠራም። ለምሳሌ በዴቢያን ሻዶው ግሩፑ ሩት አይደለም፣ ሻዶው የሚባል የራሱ ግሩፕ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ልማድ አለኝ። አንደኛ፣ ከባድ ቾውን ልሰጥ ስል ሁለተኛ ተርሚናል እከፍትና እዚያ ሩት ሆኜ ቁጭ አደርገዋለሁ። ሥራው ተረጋግጦ እስኪያልቅ አልዘጋውም። ሁለተኛ፣ ስክሪፕት ውስጥ የተለዋዋጩን ስም በጥምዝ ቅንፍ አስገባና ከስሙ ቀጥሎ የላቲኑን ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። ተለዋዋጩ ባዶ ከሆነ ሼሉ እዚያው ስክሪፕቱን ያቆማል እንጂ በባዶ አይቀጥልም። ሁለት ፊደል ናት፣ ብዙ ሌሊት ታስተኛለች።

የሲስተሙ ማስተካከያ ፋይሎች ያሉበት ኢቲሲ ተበላሽቶ በዚህ ተረፍኩ። ፕሮግራሞቹ ያሉበት ዩኤስአር ፎልደር ውስጥ ቢደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ባለቤቱን ብትመልስም አይበቃም። ሱዶ፣ ኤስዩ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ፓስውድ፣ እነዚህ ማንም ቢያስኬዳቸው በሩት ሥልጣን እንዲሠሩ የሚያደርግ ሴትዩአይዲ የሚባል ምልክት አላቸው። የሊኑክስ ከርነል የሚሠራ ፋይል ባለቤት ሲቀየር ያን ምልክት ያነሳዋል። ሩት ሆነህ ብትቀይረውም ያነሳዋል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ አለበለዚያ አንድን ፕሮግራም በስህተት ለሩት ስትሰጥ ሳታውቀው የሩት በር ትከፍታለህ። ፋይል ላይ የተሰጡ ልዩ ሥልጣኖችም፣ ካፓቢሊቲ የሚባሉት፣ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ባለቤቱን ወደ ሩት ከመለስክ በኋላ ሱዶን ፈቃድ በሚቀይረው ኮማንድ በ«ሲኤችሞድ 4755» ካልመለስከው አሁንም አይሠራም። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፦ መጀመሪያ ባለቤት፣ ከዚያ ፈቃድ። አርፒኤም የሚጠቀም ሲስተም ላይ ከሆንክ «-​-ሴትዩጂአይዲኤስ» ባለቤቶቹን ከፓኬጁ መዝገብ ይመልስልሃል፣ እሱን ተከትለህ «-​-ሴትፐርምስ» ትሰጣለህ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ዴቢያን ላይ ይህን የሚመስል አንድ ኮማንድ የለም፣ የተነኩትን ፓኬጆች እንደገና መጫን ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። መጀመሪያ እውነት ባለቤቱ ነው ወይ ችግሩ? «ኔምአይ -ኤል» የምትባል ትንሽ ኮማንድ አለች፣ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቃት። ሙሉ መንገዱን ስትሰጣት ከስላሽ ጀምራ በየደረጃው ያለውን ፎልደር ባለቤትና ፈቃድ በመስመር በመስመር ታሳይሃለች። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ፎቶ የሚጫንበት ፎልደር ራሱ ደህና ሆኖ፣ ከሱ በላይ ያለው ፎልደር ላይ ማለፊያ ፈቃድ አለመኖሩን ነው። ያኔ ውስጡን ሺህ ጊዜ ቾውን ብትሰጠው ለውጥ የለውም። አንዳንዱ እዚህ ጋ ትዕግሥቱ ያልቅና 777 ይሰጣል። እባክህ አታድርገው። እሱ ለችግሩ መልስ አይደለም፣ በሩን ለሁሉም መክፈት ነው።

ባለቤቱ ከሆነ ደግሞ፣ ሁሉም ፋይል የዌብ ፕሮግራሙ መሆን የለበትም። ይሄን በጣም ነው የምለምንህ። ባልደረባህ የነገረህ ኮማንድ ሙሉውን ሳይት ለዌብ ፕሮግራሙ ይሰጣል፣ ፎቶውም ይጫናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን አንድ ቀን ሰው በፕሮግራሙ ቀዳዳ ቢገባ የገባው በዚያ ተጠቃሚ ስም ነው። ኮዱ የሱ ከሆነ ኮዱን ይጽፍበታል። ኮዱ የሌላ ተጠቃሚ ሆኖ ዌብ ማንበብ ብቻ ቢችል ኮዱን መቀየር አይችልም። ስለዚህ ኮዱን ለምታሰማራበት ተጠቃሚ ስጥ፣ «ዲፕሎይ» እንበለው፣ ግሩፑን «ዌብ» አድርግና ለግሩፑ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው። ዌብ ባለቤት የሚሆነው ፎቶ የሚጫንበትን ፎልደርና ካለም ካሽ የሚጻፍበትን ብቻ ነው። ዳታቤዝ ፎልደር እዚያ አካባቢ ካለማ ጭራሽ አትድረስበት። ፖስትግሬስ የዳታ ፎልደሩ ባለቤት ከተቀየረበት አልነሳም ብሎ ቁጭ ይላል።

ከዚያ ማየት። ሳይቱ «/ኤስአርቪ/ሳይት» ውስጥ ነው እንበል።

ሱዶ ፋይንድ /ኤስአርቪ/ሳይት -ኤክስዴቭ -ኖዩዘር

ይሄ ባለስም ባለቤት የሌላቸውን፣ ማለትም ያንተን 1003ዎች ያወጣልሃል። «-ኖዩዘር»ን በ«-ዩዘር ሩት» ቀይረህ ደግሞ የሩት የሆኑትን እይ። ዝርዝሩን አንብበው። እውነት አንብበው፣ ቁጥሩን ብቻ ቆጥረህ አትለፍ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሳነብ ነው ሳይቱ ውስጥ የሌላ አገልግሎት ሶኬት ፋይል (ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት) እንዳለ ያየሁት፣ እሱን ብቀይረው ሌላው አገልግሎት ይቆም ነበር። «-ኤክስዴቭ» ያልኩህ ፋይንድ ወደ ሌላ ዲስክ እንዳይሻገር ነው። የጂኤንዩው ቾውን በትልቁ አር ሲሄድ እንዲህ ያለ ልጓም የለውም። ፎልደሩ ውስጥ የኔትወርክ ዲስክ ወይም የባክአፕ ዲስክ ማውንት ተደርጎ (እዚያ ተሰቅሎ) ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል። «ፋይንድማውንት» ብለህ ሳይቱ ስር የተሰቀለ ነገር እንዳለ ቀድመህ እይ።

ሃርድ ሊንክም አለ። አንድ ፋይል ሁለትና ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ባለቤቱ ግን የፋይሉ እንጂ የስሙ አይደለም፣ ስለዚህ በአንዱ ስም ስትቀይር በሁሉም ይቀየራል። በየቀኑ ባክአፕ ወስደው ያልተለወጠውን ፋይል በሃርድ ሊንክ የሚያያይዙ ስክሪፕቶች አሉ። እዚያ ላይ የዛሬውን ባክአፕ ባለቤት ለወጥክ ማለት የወሩን ሁሉ ለወጥክ ማለት ነው። «ፋይንድ ... -ታይፕ ኤፍ -ሊንክስ +1» ብትል ያወጣቸዋል። ምንም ካላወጣ ወደፊት ቀጥል።

አሁን መዝግብ። ቾውን የማይመዘግበውን አንተ ትመዘግባለህ። ጌትፋክል የምትባለው ኮማንድ (ጌት ብለህ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤል) የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤት፣ ግሩፕና ፈቃድ ትጽፋለች። ሴትዩአይዲ ምልክት ካለም ትይዛለች።

ሲዲ /ኤስአርቪ
ጌትፋክል -ኤን -አር ሳይት > /ሩት/ሳይት-ባለቤቶች

ይህን ሩት ሆነህ ስጠው። ትንሿ «-ኤን» ስም ሳይሆን ቁጥር እንድትጽፍ ናት፣ አር እዚህም ትልቁ ነው። ያበላሸህ እንደሆነ እዚያው «/ኤስአርቪ» ላይ ቆመህ «ሴትፋክል -​-ሪስቶር=/ሩት/ሳይት-ባለቤቶች» ትላለህ፣ ሩት ከሆንክ ባለቤቶቹን ሁሉ ወደነበሩበት ትመልሳለች። መንገዱ ከቆምክበት ቦታ ተነስቶ ስለሚጻፍ ስትመልስም እዚያው ቦታ መቆም አለብህ። ሌላ ቦታ ቆመህ ብትሞክር ፋይሎቹን አላገኘሁም ትልሃለች። ሲምቦሊክ ሊንኮችን (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክቱትን) ራሳቸውን አትይዝም፣ ለእነሱ ዝርዝሩን በ«ፋይንድ -ታይፕ ኤል» ለብቻ አስቀምጥ።

ከዚያ ነው ቾውን። አፑን አቁመው፣ ፋይል እየተጻፈበት ያለ ፎልደር ላይ አትሥራ። እኔ ብሆን በሦስት ጠባብ ኮማንድ ነው የማደርገው፦

ሱዶ ቾውን -አር -ሲ -​-ፍሮም=1003 ዲፕሎይ:ዌብ /ኤስአርቪ/ሳይት
ሱዶ ቾውን -አር -ሲ -​-ፍሮም=ሩት ዲፕሎይ:ዌብ /ኤስአርቪ/ሳይት
ሱዶ ቾውን -አር -ሲ ዌብ:ዌብ /ኤስአርቪ/ሳይት/አፕሎድስ

አር ትልቁ ነው፣ ሲ ትንሹ። «-​-ፍሮም» የጂኤንዩ ቾውን ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወዳት አማራጭ ናት። አሁን ባለቤቱ እገሌ የሆነውን ብቻ ቀይር ማለት ነው፣ ሌላውን ሁሉ አልፎ ይሄዳል። ዝርዝሩን ስታነብ ያመለጠህ የሌላ ሰው ፋይል ቢኖር እንኳ አይነካም። «-ሲ» ደግሞ የተቀየረውን ብቻ አንድ በአንድ ይነግርሃል። የማይመስል መንገድ በስክሪኑ ሲያልፍ ካየህ ኮንትሮል ሲ።

ፎልደሩን ራሱን በስሙ ጻፍ እንጂ ገብተህ በኮከብ አትስጥ። ኮከብ በነጥብ የሚጀምሩትን ድብቅ ፋይሎች አይጨምርም፣ ሰውም እነሱን ሊይዝ ብሎ «ነጥብ ኮከብ» ይጽፋል። ባሽ በሚባለው ሼል የድሮ ቅጂዎች ነጥብ ኮከብ «..»ንም (ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ነጠላ ነጥቦችን) ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ከላይ ያለው ፎልደር ነው። አንድ ፎልደር ልትቀይር ወንድሞቹን ሁሉ ትቀይራለህ። ከባሽ 5.2 ወዲህ ይሄ ቀርቷል፣ ግን የምትገባባቸው ሰርቨሮች ሁሉ አዲስ አይደሉም። በባለቤትና በግሩፕ መካከልም የምትጽፈው የላቲኑ ሁለት ነጥብ ይሁን። አሮጌ መማሪያዎች ላይ አንድ ነጥብ ታያለህ፣ እሱ ውስጡ ነጥብ ካለው የተጠቃሚ ስም ጋር ይምታታል። ከሁለት ነጥቡ በኋላ ምንም ባትጽፍ የዚያ ተጠቃሚ ዋና ግሩፕ ይሰጠዋል፣ ከፊቱ ምንም ባትጽፍ ግሩፑ ብቻ ይቀየራል።

ሲምቦሊክ ሊንክ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የጂኤንዩው ቾውን በትልቁ አር ሲሄድ የሚያገኘውን ሊንክ አይከተልም፣ ሊንኩን ራሱን ነው የሚቀይረው። ያለ አር ግን ይከተላል፣ ሊንኩ የሚያሳየውን ፋይል ይቀይራል። ይሄ ለምን ያሳስታል? ጠንቃቃ ሰው ብዙ ጊዜ ትልቁን አር ይተውና በፋይንድ እያጣራ በ«-ኤክሴክ ቾውን» ይሰጣል። እዚያ አር የለም። አፕሎድስ ውስጥ ወደ ሻዶው ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ የጥንቃቄው ኮማንድ ሻዶውን ለዌብ ይሰጠዋል። ከፋይንድ ጋር ስትጠቀም ሁሌም «-ኤች» ጨምር፣ ትንሿን። ያኔ ሊንኩን ራሱን ብቻ ይነካል።

ስትጨርስ ያንኑ የመጀመሪያውን ፋይንድ ድገም፣ 1003 የሚል ነገር መቅረት የለበትም። ከዚያ ዌብ ሆነህ ባዶ ፋይል በመፍጠር ሞክረው፦ «ሱዶ -ዩ ዌብ ታች /ኤስአርቪ/ሳይት/አፕሎድስ/ሙከራ» ማለፍ አለበት። ያንኑ ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ስትሞክር ደግሞ እምቢ ማለት አለበት። እዚያ ካለፈ ግሩፑ የመጻፍ ፈቃድ አለው ማለት ነው፣ በ«ሲኤችሞድ» ጂ-ደብሊው ሰጥተህ አንሳው።

እና ምናልባት የሆነ ነገር አምልጦህ የቱን ፋይል እንደነካህ ካላወቅክ፣ ቾውን የሚተወው አንድ ዱካ አለ። ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት አይለውጥም፣ መረጃው የተለወጠበትን ሰዓት ግን ይለውጣል። «ፋይንድ / -ኤክስዴቭ -ሲሚን -15» ባለፉት 15 ደቂቃዎች የተነኩትን ያወጣልሃል። ቶሎ ስጠው፣ ውጤቱንም ወደ ፋይል ጻፈው። እንደገና ቾውን መስጠት ከጀመርክ አዲሱ ሰዓት በአሮጌው ላይ ይጻፍና ዱካው ይጠፋል።